የተቆለፈ ስልክ፣ የታዘዘ ኩባንያ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 16 ቀን 2016 በካሊፎርኒያ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ሼሪ ፒም ለአፕል ኩባንያ የተጻፈ አጭር ትዕዛዝ ፈረሙ። ትዕዛዙ በአንድ የተያዘ አይፎን ላይ ሦስት ነገር እንዲደረግ ይጠይቃል። የይለፍ ቁጥሩ አሥር ጊዜ ከተሳተ መረጃውን የሚያጠፋው ጥበቃ ይነሳ፤ መርማሪዎች ቁጥሮቹን በጣት ከመነካካት ይልቅ በኮምፒዩተር እያከታተሉ ይሞክሩ፤ በአንዱና በሌላው ሙከራ መካከል ስልኩ ሆን ብሎ የሚያስገባው መዘግየት ይቅር። አፕል በእጁ ያለ ሰነድ እንዲያስረክብ አልነበረም የተጠየቀው። እስከዚያች ቀን ያልነበረ ሶፍትዌር ጽፎ፣ በራሱ ዲጂታል ፊርማ አጽድቆ፣ የገዛ ምርቱን ጥበቃ እንዲያላላ ታዘዘ።

ያ ክስ ፍርድ ሳያገኝ ተዘጋ። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ እንደተከፈተ ነው፦ መንግሥት የቴክኖሎጂ ኩባንያን አስገድዶ የተመሰጠረ መሣሪያ ማስከፈት ይችላል ወይ? ቢችልስ እስከ የት ድረስ? ለንደን፣ ካንቤራ፣ ዴልሂ፣ ሞስኮና ብራሲሊያ ጥያቄውን በየራሳቸው ሕግ አንስተውታል፤ የደረሱበት መልስ ግን አንድ አይደለም። ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም፤ የገባችበት መንገድ ግን የተለየ ነው። (ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቁልፉን ማን ይያዝ? የ1990ዎቹ ሙግት

ምስጠራ ለረጅም ዘመን የጦር ሠራዊትና የዲፕሎማቶች ሥራ ነበር። ወደ ተራው ሰው እጅ የሚወስደው መንገድ የተከፈተው በ1976 ዊትፊልድ ዲፊና ማርቲን ሄልማን አስቀድመው ያልተገናኙ ሁለት ሰዎች በምስጢር መጻጻፍ የሚችሉበትን ዘዴ ሲያሳትሙ ነው። በ1991 ደግሞ ፊል ዚመርማን ፒጂፒ የተባለውን ፕሮግራም ለሕዝብ አሠራጨ። በወቅቱ የአሜሪካ የወጪ ንግድ ሕግ ጠንካራ ምስጠራን ከጦር መሣሪያ ጋር ይመድብ ስለነበር ዚመርማን ለሦስት ዓመት ያህል ሲመረመር ቆይቶ በ1996 መጀመሪያ ጉዳዩ ያለ ክስ ተዘጋ።

የክሊንተን አስተዳደር በ1993 ሌላ መፍትሔ ይዞ ቀረበ። ክሊፐር የሚባል ቺፕ በስልኮች ውስጥ ይገባል፤ ንግግሩ ይመሰጠራል፤ የእያንዳንዱ ቺፕ ቁልፍ ግን ለሁለት ተከፍሎ በሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይቀመጣል፤ ፍርድ ቤት ሲፈቅድም ሁለቱ ግማሾች ተጋጥመው መስመሩ ይጠለፋል። በወረቀት ላይ ሲታይ ጉድለት አልነበረበትም። በ1994 ግን የኤቲ ኤንድ ቲ ተመራማሪ የነበረው ማት ብሌዝ ተጠቃሚው የምስጠራውን ጥቅም እያገኘ የመንግሥትን ጠለፋ ማምለጥ እንደሚችል በሙከራ አሳየ። ሕዝቡም አልወደደው፣ ገበያውም አልገዛው፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ክሊፐር ቀረ።

በዚያው በ1994 የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ፣ በምሕጻሩ ካሊያ የሚባለው፣ ከክሊፐር ይልቅ ዕድሜ አገኘ። የስልክ ኩባንያዎች መረባቸውን በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለመጥለፍ እንዲመች አድርገው እንዲሠሩ ያስገድዳል። ነገር ግን ደንበኛው ራሱ የመሰጠረውን፣ ኩባንያው ቁልፉን ያልያዘበትን መልእክት ፍታ ብሎ አያስገድድም። የኋላው ጠብ ሁሉ በዚህች አንቀጽ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው። መንግሥት «ምክር ቤቱ ስለ ስልክ ቀፎ አልተናገረም፤ ስለዚህ ዳኛ ማዘዝ ይችላል» ይላል። ኩባንያዎቹ ደግሞ «ምክር ቤቱ አስቦበት የተወውን ዳኛ ሊጨምርበት አይችልም» ብለው ይመልሳሉ።

ሳን በርናርዲኖ

አፕል እስከ 2014 ድረስ በፍርድ ቤት ሲታዘዝ ከተቆለፉ አይፎኖች መረጃ እያወጣ ይሰጥ ነበር፤ ዐቃቤ ሕግ ለፍርድ ቤት እንዳስረዳው ቢያንስ 70 ጊዜ ረድቷል። በሴፕቴምበር 2014 አይኦኤስ 8 ሲወጣ ግን አሠራሩ ተለወጠ፤ ቁልፉ ከተጠቃሚው የይለፍ ቁጥር ጋር ስለተሳሰረ ኩባንያው ራሱ ሊከፍተው የማይችል ሆነ። በቀጣዩ ወር የኤፍቢአይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ መርማሪዎች ጨለማ እየዋጣቸው ነው ሲሉ በአደባባይ አስጠነቀቁ።

በዲሴምበር 2 ቀን 2015 በሳን በርናርዲኖ ባልና ሚስት በከፈቱት ተኩስ 14 ሰዎች ሞቱ፤ 22 ቆሰሉ። ገዳዮቹ በዚያው ዕለት በፖሊስ ተገደሉ። ከተገኙት ዕቃዎች አንዱ ባልየው የሚሠራበት የካውንቲው ጤና መሥሪያ ቤት የሰጠው አይፎን 5ሲ ነበር።

ይህ ስልክ ለምን እንዳስቸገረ ለመረዳት አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። አይፎን መረጃውን የሚቆልፈው የይለፍ ቁጥሩን ፋብሪካ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ላይ ከታተመ ልዩ ቁጥር ጋር አዋሕዶ ነው። ያንን ልዩ ቁጥር አፕልም አይመዘግበውም። ስለዚህ የስልኩን መረጃ ገልብጦ በኃይለኛ ኮምፒዩተሮች መፈተሽ አያዋጣም፤ ሙከራው ሁሉ እዚያው ስልኩ ላይ መደረግ አለበት። አንዱ ሙከራ 80 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስዳል። ባለ አራት አሃዝ ቁጥር 10,000 አማራጭ ብቻ ስላለው ሌላ እንቅፋት ከሌለ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ባለ ስድስት አሃዙ 22 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። ትንንሽ ፊደላትና ቁጥሮች የተቀላቀሉበት ባለ ስድስት ሆሄ ከሆነ ግን ከአምስት ዓመት በላይ ይፈጃል። አጭር ቁጥርን ከመገመት የሚያድኑት እንግዲህ አሥር ስህተት ላይ የሚያጠፋው ጥበቃና እየጨመረ የሚሄደው መዘግየት ናቸው። ዳኛዋ ይነሱ ያሏቸውም እነዚህኑ ነው።

ሌላ መንገድም ነበር፤ በራሱ በመንግሥት በኩል ተዘጋ። ስልኩ ወደሚያውቀው ዋይፋይ ቢወሰድ ያልተቀመጠ መረጃውን ወደ አይክላውድ ሊልክ ይችል ነበር፤ እዚያ ያለውን ደግሞ አፕል በትዕዛዝ ማስረከብ ይችላል። ነገር ግን ጥቃቱ ከደረሰ በኋላ ባሉት ሰዓታት ካውንቲው በኤፍቢአይ ጥያቄ የአካውንቱን ፓስዎርድ ስለለወጠው ያ ዕድል አመለጠ። ኮሚ ስህተት መሆኑን በምክር ቤት ቀርበው አምነዋል።

መንግሥት የተመረኮዘው በ1789 በወጣው የትዕዛዞች ሕግ ላይ ነው፤ ፍርድ ቤቶች ሥልጣናቸውን ለማስፈጸም አስፈላጊ የሆነ ትዕዛዝ እንዲሰጡ በጥቅሉ የሚፈቅድ ድንጋጌ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1977 በዚሁ ሕግ የኒው ዮርክ ስልክ ኩባንያ የተደወሉ ቁጥሮችን የሚመዘግብ መሣሪያ ሲተከል እንዲረዳ ወስኖ ነበር። በዚያ ውሳኔ ሦስት መለኪያዎች ወጡ፦ ኩባንያው ለጉዳዩ ምን ያህል ቅርብ ነው? ሸክሙ ከመጠን ያለፈ ነው ወይ? ያለ እሱ እርዳታ ሥራው አይሆንም ወይ? በ2016 ሁለቱም ወገኖች እነዚህኑ ሦስት መለኪያዎች ይዘው ተቃራኒ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። መንግሥት አንድ ስልክ፣ አንድ ጊዜ ነው አለ። አፕል ከስድስት እስከ አሥር ሠራተኞች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እንደሚፈጅበት አስልቶ፣ ከሁሉ በላይ ግን ሶፍትዌሩ አንዴ ከተጻፈ በአንድ ስልክ እንደማይቆም ተከራከረ። ይህ ባዶ ስጋት አልነበረም፤ የማንሃተን ዐቃቤ ሕግ በዚያው ወር 175 የተቆለፉ አይፎኖች እንዳሉት ተናግሯል።

በፌብሩዋሪ 29 በብሩክሊን ዳኛ ጄምስ ኦረንስታይን በአንድ የአደንዛዥ ዕፅ ክስ የቀረበላቸውን ተመሳሳይ ጥያቄ ውድቅ አደረጉ፤ ምክር ቤት ሊሰጥ ያልፈቀደውን ሥልጣን ከ1789ኙ ሕግ መፍጠር አይቻልም አሉ። የካሊፎርኒያው ጉዳይ ማርች 22 ሊሰማ ቀጠሮ ነበረው። በዋዜማው መንግሥት ሌላ መክፈቻ ተገኝቷል ብሎ ቀጠሮው እንዲዘገይ ጠየቀ፤ ከሳምንት በኋላ ክሱን አነሳ። ስልኩን የከፈተው አዚመት የተባለ የአውስትራሊያ ድርጅት እንደነበር ከዓመታት በኋላ ዋሽንግተን ፖስት ዘግቧል፤ ሴናተር ዳያን ፋይንስታይን ዋጋውን 900,000 ዶላር ብለውታል። በ2018 የፍትሕ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ያወጣው ሪፖርት የበለጠ ያስደነግጣል፤ የኤፍቢአይ ክፍሎች እርስ በርስ በሚገባ አልተነጋገሩም፣ አንዱ ክፍል የሚያውቀው የውጭ አቅራቢም መክፈቻውን ሊጨርስ ተቃርቦ ነበር። «ሌላ መንገድ የለም» የሚለው ቃል ለፍርድ ቤት የቀረበው መንገዶቹ ሁሉ በሚገባ ሳይፈተሹ ነው። ማስገደጃ ሥልጣን የሚጠየቀው ሁልጊዜ በዚህ ቃል ስለሆነ ነገሩ ቀላል አይደለም።

አንድ የሚመስሉ ሦስት ጥያቄዎች

ክርክሩን ከሚያደፈርሱት ነገሮች ዋናው የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ስም መጥራት ነው።

የመጀመሪያው፣ ኩባንያው ያለውን እንዲሰጥ ማዘዝ ነው፤ በክላውድ የተቀመጠ ፎቶ፣ የአካውንት መረጃ፣ ማን ለማን መቼ እንደደወለ። ፍርድ ቤት እስካለበት ድረስ በዚህ ላይ መሠረታዊ ተቃውሞ ያለው ጥቂት ነው። ሁለተኛው፣ በመርማሪ እጅ ያለን አንድ መሣሪያ ለመክፈት አዲስ ነገር እንዲሠራ ማዘዝ ነው፤ የሳን በርናርዲኖው ጉዳይ ይህ ነበር። ሦስተኛው፣ ኩባንያው አገልግሎቱን ከመሠረቱ ለመንግሥት ክፍት አድርጎ እንዲሠራ ማስገደድ ነው፤ ማለትም ገና ያልተጠረጠረን ሰው ሁሉ ጥበቃ አስቀድሞ ማላላት።

የካርኔጊ ተቋም የቀድሞ ባለሥልጣናትንና የምስጠራ ባለሙያዎችን አሰባስቦ በ2019 ያወጣው ሪፖርት ይህንን ልዩነት በቁም ነገር ይዞታል። በስልክ ላይ ተቀምጦ ያለ መረጃና በመረብ የሚጓዝ መልእክት ተለይተው ይታዩ፤ መግባባት ካለ ሊገኝ የሚችለው በመጀመሪያው ላይ ነው ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ስልክን ለመክፈት ስልኩን መያዝ ያስፈልጋል፤ ሚሊዮኖችን ሳያውቁት መሰለል አይቻልም። ሆኖም ሪፖርቱ የሚሠራ ንድፍ አላቀረበም። የመክፈቻው ፊርማ ቁልፍ በየቀኑ ከየአገሩ በሚመጣ ትዕዛዝ ሲወጣና ሲገባ እንዴት ሳይሰረቅ ይቆያል ለሚለው እስካሁን ባለሙያዎችን ያሳመነ መልስ አልተገኘም።

የመርማሪዎች አቤቱታ

የመንግሥት ወገን ክርክር በተጎጂዎች ላይ የቆመ ስለሆነ በችኮላ ሊታለፍ አይገባም። የተገደለ ሰው የመጨረሻ መልእክቶች፣ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ጥቃት ምስሎች፣ የሽብር ተባባሪዎች ስም ዛሬ የሚገኙት ስልክ ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት ፈቅዶ ቤት የሚበረበር ከሆነ ስልክ ብቻውን ማንም የማይደርስበት ስፍራ የሚሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ከሳን በርናርዲኖ ሟቾች ቤተሰቦች አንዳንዶቹ በዚሁ ምክንያት ከኤፍቢአይ ጎን ቆመዋል።

ማስረጃም አላቸው። በዲሴምበር 2019 በፍሎሪዳው የፔንሳኮላ የባሕር ኃይል ሰፈር ሦስት ሰዎችን የገደለው ሳዑዲያዊ ሁለት አይፎኖች ነበሩት። ኤፍቢአይ ያለ አፕል እርዳታ የከፈታቸው ከወራት በኋላ ሲሆን ገዳዩ በየመን ካለው የአልቃይዳ ክንፍ ጋር ይገናኝ እንደነበር ታወቀ። መረጃው በመጀመሪያው ሳምንት ቢገኝ ኖሮ ጥቅሙ የበለጠ ይሆን ነበር የሚለው ቅሬታ ተገቢ ነው።

የችግሩን ስፋት በተመለከተ ግን ቁጥሮቹ አስተማማኝ አልሆኑም። ኤፍቢአይ በ2017 የበጀት ዓመት 7,775 መሣሪያዎችን መክፈት አልቻልኩም ሲል ደጋግሞ ተናግሯል፤ ምክር ቤትም ሰምቶታል። በሜይ 2018 ዋሽንግተን ፖስት አሃዙ በቆጠራ ስህተት የተጋነነ መሆኑን አወጣ፤ እውነተኛው ከ1,000 እስከ 2,000 ባለው ውስጥ ነው ተባለ። በሌላ በኩል አፕተርን የተባለው የምርምር ድርጅት በ2020 ባወጣው ጥናት ከ2,000 የሚበልጡ የአሜሪካ የሕግ አስከባሪ ተቋማት ከስልክ መረጃ የሚያወጡ መሣሪያዎችን መግዛታቸውን አሳየ። ጨለማው አለ፤ መጠኑ ግን ከሚነገረው ያነሰ ነው።

በሩ ከተከፈተ ማን ይገባበታል?

በ2015 ዲፊ፣ ሮን ሪቨስት፣ ብሩስ ሽናየርና ብሌዝ ያሉበት የ15 ባለሙያዎች ቡድን ለመንግሥት መግቢያ የተተወለት ሥርዓት ምን አደጋ እንዳለው የሚተነትን ሪፖርት አወጣ። ዋና ነጥባቸው ሥርዓቱ ይወሳሰባል፣ ስህተት ይበዛበታል፣ ቁልፎቹ የሚከማቹበትም ቦታ የጠላት ሁሉ ዒላማ ይሆናል የሚል ነው። የቀድሞው የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ (ኤንኤስኤ) ኃላፊ ማይክል ሄይደን ሳይቀሩ ለአሜሪካ ደኅንነት ጠንካራ ምስጠራ ይሻላል ወደሚለው አዘነበሉ።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አለመሆኑን ሁለት ክስተቶች አሳይተዋል። አንደኛው የአቴንስ ነው። በቮዳፎን ግሪክ ማዕከላዊ መሣሪያዎች ውስጥ ለሕጋዊ ጠለፋ የሚያገለግል ሶፍትዌር ነበር። ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች በ2004ቱ ኦሊምፒክ ሰሞን ይህንኑ በድብቅ ሥራ ላይ አዋሉት፤ እስከ 2005 መጀመሪያም ጠቅላይ ሚኒስትር ኮስታስ ካራማንሊስን ጨምሮ ከ100 የሚበልጡ ሰዎችን ስልክ አዳመጡ። ለፖሊስ ተብሎ የተሠራ መግቢያ የአገሪቱን መሪ አሳልፎ ሰጠ።

ሁለተኛው ትልቅና ቅርብ ነው። ሶልት ታይፉን የተባለ፣ አሜሪካ ከቻይና መንግሥት ጋር የምታያይዘው የጠላፊዎች ቡድን የአሜሪካን ትልልቅ የቴሌኮም ኩባንያዎች ሰብሮ መግባቱ በ2024 ተገለጠ። ኤፍቢአይና የሳይበር ደኅንነት ኤጀንሲው በኖቬምበር በጋራ ባወጡት መግለጫ ጠላፊዎቹ በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ለሕግ አስከባሪዎች የተዘጋጀ መረጃ ጭምር እንደቀዱ አምነዋል። የካሊያ ሕግ በ30 ዓመቱ የባዕድ ሰላዮች መረማመጃ ሆነ ማለት ነው። በቀጣዩ ወር የአሜሪካ ባለሥልጣናት ዜጎች የተመሰጠረ መልእክት መላላኪያ እንዲጠቀሙ መከሩ። ለዓመታት ምስጠራን ሲከስ የኖረ መንግሥት በችግር ጊዜ የተጠለለው እሱኑ ምስጠራ ሥር ነው። በሦስተኛው ዓይነት ጥያቄ ላይ የማስረጃው ሚዛን ያለ ጥርጥር ወደ ባለሙያዎቹ ያዘነብላል፤ ለሁሉም የተዳከመ ጥበቃ ለማንም ጥበቃ አይሆንም።

በየአገሩ የተሰጡ መልሶች

ብሪታንያ ከዴሞክራሲያዊ አገሮች ሩቅ የሄደች ናት። በ2016 የወጣው የምርመራ ሥልጣን ሕግ ሚኒስትሩ ለኩባንያ «የቴክኒክ አቅም ማስታወቂያ» እንዲሰጡ ይፈቅዳል፤ የተሰጠው ኩባንያም መሰጠቱን እንኳ መናገር አይችልም። በጃንዋሪ 2025 እንዲህ ያለ ምስጢራዊ ትዕዛዝ ለአፕል ደረሰ፤ በክላውድ የሚቀመጠውን መረጃ አፕል ራሱ እንዳያነበው የሚያደርገውን ተጨማሪ ጥበቃ የሚመለከት ነበር፤ ዓለም የሰማው በፌብሩዋሪ ከዋሽንግተን ፖስት ነው። አፕል መግቢያ ከመሥራት ይልቅ በዚያው ወር ጥበቃውን ከብሪታንያ ተጠቃሚዎች አነሳ። መንግሥት ጉዳዩ መኖሩ ራሱ ምስጢር ሆኖ እንዲቆይ ቢጠይቅም ልዩ ችሎቱ በኤፕሪል አልተቀበለውም። በኦገስት የአሜሪካ ብሔራዊ መረጃ ዳይሬክተር ቱልሲ ጋባርድ ለንደን ጥያቄዋን ትታለች አሉ፤ በኦክቶበር ደግሞ በብሪታንያ ተጠቃሚዎች ላይ የተወሰነ አዲስ ትዕዛዝ መውጣቱ ተዘገበ።

አውስትራሊያ በዲሴምበር 2018 ያጸደቀችው ሕግ ኩባንያዎችን የሚያስገድድ ሲሆን «ሥርዓታዊ ድክመት» ፍጠሩ ብሎ ማዘዝን ይከለክላል። ለአንድ ዒላማ የተሠራ መሣሪያ ለሁሉም ድክመት የሚሆነው ከየት ጀምሮ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል። ሕንድ በ2021 ባወጣችው ደንብ ትልልቅ መልእክት አስተላላፊዎች የአንድን መልእክት የመጀመሪያ ላኪ መለየት እንዲችሉ ጠየቀች፤ ዋትስአፕ በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከሰሰ፤ ምስጠራውን እንዲሰብር ከተገደደ አገሩን ለቆ እንደሚወጣም በ2024 ተናገረ። በብራዚል ዳኞች የተጠየቀው መልእክት አልቀረበም ብለው በ2015 መጨረሻና በ2016 ዋትስአፕን በአገሩ ሁሉ ደጋግመው አዘጉ።

ሩሲያ ግን ለብቻዋ መታየት አለባት። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ በ2017 በሽብር የጠረጠራቸውን ስድስት ሰዎች መልእክት እንዲፈታ ቴሌግራምን አዘዘ፤ ኩባንያው እምቢ በማለቱ ተቀጣ፤ በ2018 ታገደ፤ እገዳው በ2020 ተነሳ። ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ጉዳዩን ወደ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ወሰደው። ፍርድ ቤቱ በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2024 በሰጠው ውሳኔ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረን መልእክት ለመፍታት የሁሉንም ተጠቃሚ ጥበቃ ማዳከም ስለሚያስፈልግ ግዴታው በዴሞክራሲያዊ ኅብረተሰብ ተመጣጣኝ አይደለም አለ። እስካሁን በዚህ ጉዳይ ከዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት የተሰማ ግልጽ ቃል ቢኖር ይህ ነው። የሩሲያ ጉዳይ ሌላም ነገር ያሳያል፦ ኩባንያ ለዋሽንግተን ወይም ለለንደን የሠራውን መክፈቻ ሞስኮ ስትጠይቀው «አልችልም» ሊል አይችልም።

ኩባንያው እምቢ ሲል፦ የኢትዮጵያ መዝገብ

የኩባንያው በር ሲዘጋ መንግሥታት አይቆሙም፤ ወደ ጠለፋ ይዞራሉ። ወንጀለኞች ይጠቀሙበት የነበረውን ኢንክሮቻት በ2020 የፈረንሳይና የኔዘርላንድስ ፖሊሶች ሰብረው ገቡ። በ2021 ደግሞ ኤፍቢአይ በስውር ያስተዳድረው በነበረው አኖም በተባለ የስልክ አገልግሎት በብዙ አገሮች ከ800 በላይ ሰዎች ተያዙ። «ጠለፋ እያለ ኩባንያ ማስገደድ ምን ያስፈልጋል?» የሚለው የምስጠራ ደጋፊዎች ክርክር በእነዚህ ውጤቶች ላይ የቆመ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ግን ይህ ክርክር የሚሸፍነውን ጉድጓድ ይገልጠዋል። በዲሴምበር 2013 በውጭ አገር ለሚሠሩ የኢሳት ጋዜጠኞች በስካይፕ ፋይል ይላክላቸው ነበር። የቶሮንቶው ሲቲዝን ላብ ፋይሎቹን መርምሮ የጣሊያኑ የስለላ ሶፍትዌር ኩባንያ የሃኪንግ ቲም ሥሪት መሆናቸውን በ2014 አሳተመ፤ በ2015 የኩባንያው ሰነዶች ሲያፈተልኩም የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ደንበኛው እንደነበር ታየ። በዲሴምበር 2017 ሲቲዝን ላብ ሌላ ዘመቻ ይፋ አደረገ፤ በአሜሪካና በሌሎች አገሮች ያሉ ተቃዋሚዎችና የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች የቪዲዮ ገጽ በሚመስል አድራሻ ተታለው፣ ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ ፕሌየር አድሱ እየተባሉ፣ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር እንዲጭኑ ይደረግ ነበር። ሰው ይህን ሶፍትዌር አንዴ ከጫነ ምስጠራው ጥቅም የለውም፤ የሚጻፈው ሳይመሰጠር በፊት ይነበባል።

የሕግ መድኅንም አልተገኘም። በሜሪላንድ የሚኖር ኢትዮጵያ የተወለደ አሜሪካዊ ኮምፒዩተሩ በፊንስፓይ ሶፍትዌር ለወራት ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት በ2014 ከሰሰ። የዋሽንግተን ዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2017፣ ድርጊቱ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ይሠራል ብሎ ዘጋው። ስልኩን እንዲከፍት የታዘዘ ኩባንያ ጠበቃ ቀጥሮ ሊከራከር ይችላል። የተጠለፈ ሰው ግን መጠለፉን እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ቢያውቅም የሚሰማው ችሎት አላገኘም። በዚህ ጉዳይ ላይ ከሚጻፈው ብዙው ይህንን የኃይል ልዩነት በጨረፍታ ማለፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

ምስጠራ መማሩ ራሱ በኢትዮጵያ ክስ ላይ ሰፍሮ ነበር። በኤፕሪል 2014 የታሰሩት የዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች የክስ ዝርዝር ስለ ዲጂታል ደኅንነት የወሰዱትን ሥልጠና እንደ ሽብር ዝግጅት ያነሳ ነበር። የአንዳንዶቹ ክስ በጁላይ 2015 ተቋረጠ፤ የቀሩት በኦክቶበር ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ፤ እስከዚያ ከአንድ ዓመት በላይ በእስር ቆይተዋል።

በሕግ ደረጃ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 በደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት በስም ጠርቶ ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ደግሞ ጠለፋን በመርህ ደረጃ በፍርድ ቤት ፈቃድ ሥር አድርጎ በአስቸኳይ ጊዜ ያለ ፍርድ ቤት የሚከናወንበትን ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል፤ ያለ ፍርድ ቤት የተከናወነበት ምክንያት በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት መቅረብ አለበት። ስለ ሥርዓቱ አሠራር ወይም ስለ ጥበቃው የሚያውቅ ሰው ለብርበራው የሚረዳ መረጃ እንዲሰጥ ማዘዝንም ይፈቅዳል።

ያልተቋጩ ጉዳዮች

የመጀመሪያው፣ ኩባንያው ቀርቶ ባለቤቱ ራሱ ይገደድ ወይ የሚለው ነው። በብሪታንያ ቁልፉን አልሰጥም ያለ ተጠርጣሪ እስከ ሁለት ዓመት፣ የብሔራዊ ደኅንነት ወይም የሕፃናት ጥቃት ጉዳይ ከሆነ እስከ አምስት ዓመት ይታሰራል። በአሜሪካ በራስ ላይ ያለመመስከር መብት ስላለ የክፍለ አገራት ጠቅላይ ፍርድ ቤቶች ተከፋፍለዋል፤ የፔንሲልቬኒያና የኢንዲያና አይገደድም ሲሉ የማሳቹሴትስና የኒው ጀርሲ ይገደዳል ብለዋል። ጣት አሻራን በተመለከተም በ2024 እና በ2025 ሁለት የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶች ተለያይተዋል።

ሁለተኛው፣ መልእክቱ ከመመስጠሩ በፊት በስልኩ ላይ ይፈተሽ የሚለው ሐሳብ ነው። አፕል የሕፃናት ጥቃት ምስሎችን ለመለየት በ2021 ያቀደውን ቅኝት ከብዙ ተቃውሞ በኋላ በ2022 መጨረሻ ተወው። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2022 ያቀረበው ረቂቅም ለዓመታት ሲያወዛግብ ቆይቶ በ2025 መገባደጃ የአባል አገራቱ ምክር ቤት አስገዳጁን ቅኝት አውጥቶ አቋሙን ያዘ፤ ከፓርላማው ጋር መደራደር ግን ይቀረው ነበር። ቁልፉ አልተነካም ይባላል፤ ነገር ግን ዛሬ የሕፃናት ምስል የሚፈልግ ፈታሽ ነገ የተቃውሞ ጽሑፍ እንዲፈልግ ማዘዝ የፋይል ዝርዝር መለወጥ ብቻ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የጠለፋ ገበያው ነው። የስልክ መክፈቻና የስለላ ሶፍትዌር ማን ይግዛ፣ ለየትኛው ወንጀል ይጠቀምበት፣ የተጠለፈውስ ሰው መቼ ይነገረው የሚሉት ጥያቄዎች በአብዛኛው አገር ዝርዝር ሕግ የላቸውም። በኢትዮጵያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱ አንድ እርምጃ ነው። የአፕልና የዋትስአፕ ቁልፎች ግን ከአገር ውጭ ስለሆኑ የአዲስ አበባ መርማሪ ኩባንያ ከማስገደድ ይልቅ መክፈቻ መግዛት ይቀለዋል። ስለዚህ በአዋጅ 958 ውስጥ ያለው የፍርድ ቤት ፈቃድና የ48 ሰዓት ገደብ ከውጭ ተገዝተው በሚመጡ መሣሪያዎች ላይም በተግባር መሥራቱን የሚያጣራና ለሕዝብ ሪፖርት የሚያደርግ አካል ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ ለፍርድ ቤቱ፣ ለምክር ቤቱ ወይስ ለሰብዓዊ መብት ኮሚሽኑ ይሰጥ የሚለው ገና በቁም ነገር አልተመከረበትም።